ድገሚው

የማንቡክ ጣቢያው ዝናብ ለኪ የዕለቱን ልኬት ሊያስመዘግብ ሲደውል፣ ሕሊና አሶሳ ሜትዎሮሎጂ ቢሮ ስልኩን ከሚቀበለው ከዐወድ ጎን ተቀምጣ ነበር። እሷም ለኪ ናት፤ ማንኩሽ ያለውን ጣቢያዋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ለስብሰባ መምጣቷ ነው። ሰውየው «ዜሮ» አለ። ዐወድ «እሺ» ብሎ ጻፈና ዘጋው። አንዴ ብቻ ነው ያስነገረው።

ለእሷ ግን እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ብቻዋን ጉብታ ወጥታ ስትደውል፣ ዐወድ «አልሰማሁም፣ ድገሚው» ሳይላት የቀረበት ቀን የለም። ኔትወርኩን ስታማ ነበር የኖረችው።

«የኔ ብቻ ነው የማይሰማህ?»

ዐወድ እርሳሱን በጣቶቹ አሽከረከረ። አራቱ ባልደረቦቹ ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው ኮምፒውተራቸው ላይ አቀርቅረዋል፤ ከጠዋት ጀምሮ አንዳቸውም በስሙ ሲጠሩት አልሰማችም።

«ይሰማል» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺ መጀመሪያ ‹ዐወድ፣ ደህና አደርክ?› ትያለሽ። ስትደግሚም ከስሜ ትጀምሪያለሽ።»

«በጋውን ሙሉ እኮ ዜሮ ነው የነገርኩህ!»

«አዎ» ብሎ አንገቱን ደፋ።

ስልኩ ሲዘጋ ጉብታው ላይ የሚቀረው ጭር ያለ ጠዋት ትዝ አላት። ወንበሯን አስጠጋችና መዳፏን እንደ ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጠፈች።

«ዐወድ፣ ደህና አደርክ? ሕሊና ነኝ፣ ከማንኩሽ። ዛሬም ዜሮ።»

ክርናቸው ሊነካካ ትንሽ ነበር የቀረው። ዐወድ ቀና ብሎ አያት።

«አልሰማሁም» አላት። «ድገሚው።»