የአዲሱ እትም የውሃ ሕግ

በእኛ የቅዳሜ ጨዋታ ውስጥ ዓለም ከጠፋች ቆይታለች። ሁለት ጓደኞቼና እኔ ሳሎን ውስጥ ባዶ ጀሪካኖች ላይ ተቀምጠን፣ መሬት ላይ ካርታ ዘርግተን፣ ዳይስ እየጣልን በፍርስራሹ መሃል ምግብና መጠለያ እንፈልጋለን። መሪው እኔ ነኝ፤ ሌላ ቦታ የምመራው ሰው የለኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኞቼ አንዱ ናሁሠናይ የጨዋታውን የሕግ መጽሐፍ አዲስ እትም ይዞ መጣ። ሽፋኑን ሳልገልጥ ጠላሁት። የድሮውን በቃሌ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ አዲሱን ከተቀበልን ከእነሱ እኩል ልሆን ነው።

"አንድ ሕግ ብቻ ላንብብልህ" አለኝ። "ውሃ ሲገኝ ተጫዋቾቹ ክርክር ከገጠሙ ውሃው ያመልጣቸዋል።"

ሳቄን ለቀቅኩት። "ይሄን የጻፈው ሰው ጠምቶት አያውቅም! ውሃ ተገኝቶ ቁጭ ብሎ የሚከራከር ምን ዓይነት ጅል ነው?"

ባለቤቴ ስንዱ ከግቢ ተጣራች። "መጣሁ!" ብያት ስለ ሰው ልጅ የመኖር ጉጉት ማስረዳቴን ቀጠልኩ። ደግማ ተጣራች። "አንዴ!" ብዬ ስለ በረሃ ጀመርኩ። በኋላ ዝም አለች፤ የተረዳችኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።

እየተናገርኩ ሳለ ስንዱ ባዶ እጇን ገባች።

"ውሃ መጥታ ነበር" አለች። "ወረፋ ይዤ ጀሪካኖቹን አምጣልኝ እያልኩ ስጮህ ሄደች።"

ሦስታችንም ከተቀመጥንባቸው ጀሪካኖች ላይ ቀስ ብለን ተነሳን።

"ናሁሠናይ" አልኩ፣ "መጽሐፉን ታውሰኛለህ?"