አቶሟን ማን ፈጠራት?

ወላጆቻቸው ሲሞቱ ታናሽ ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት። ፀጉሩ ሸብቶም ቤተ ሙከራው ሁሉ «ማሙሽ» የሚለው ከእሷ አፍ ሰምቶ ነው። እሷ የቡድኑ መሪ፣ እሱ የመረጃ ተንታኝ።

የቤተ ሙከራው ማሽን ቀላሉን አቶም ከከባዱ ጋር ሲያላትም ከረመ። ይዋሃዳሉ ተብሎ ነበር፤ እንቢ አሉ። ተስፋ ቆርጠው ሊዘጉት ሲሉ አንዲት አዲስ አቶም ተገኘች፤ በተፈጥሮ የሌለች፣ ከሁሉም የከበደች። ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ ሳትቆይ ፈራርሳ ጠፋች። የቀረው ኮምፒውተሩ ላይ የተመዘገበው የፍርስራሿ ፈለግ ብቻ ነበር።

ደስታው አልሰነበተም። ሌሎች ሞከሩት፤ ምንም። ራሳቸውም ደገሙት፤ ምንም። እንዲህ ያለችው አቶም ቢቀናም በስንት ጊዜ አንዴ እንደምትመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ሐሜት ግን ይህን አይሰማም። «የአቶሟ ፈለግ የሰው እጅ ሥራ ነው» ተባለ። ኮምፒውተሩን መክፈት የሚችሉት ደግሞ ሁለቱ እህትና ወንድም ብቻ ነበሩ።

እሷ አልነካችውም። እንግዲህ የቀረው አንድ ሰው ነው።

ማሙሽን እህል አስጠላው። ስታናግረው ዓይኑን ይሰብራል።

«የምትነግረኝ ነገር አለ?» አለችው ምሳ ላይ።

«አንቺስ፣ እትዬ?»

«እኔ ምን አለኝ?»

ሳህኑን ገፋ አድርጎ ተነሣ። ልጅ ሆኖ ብርጭቆ ሲሰብርም እንዲሁ ነበር ዝም የሚለው።

ሐሜቱን እንዲያጣሩ የተላኩት መርማሪዎች ሰብሳቢ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

«መቼም ከሁለታችሁ አንዳችሁ ናችሁ» አለ። «ማነው?»

ማሙሽ አቀርቅሯል፤ ላብ አጥምቆታል። ገና የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት። እሷ ጡረታዋ ደርሷል። አፉን ሊከፍት ሲል ቀደመችው።

«እኔ ነኝ። ፈጥሬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሰብሳቢው ብዙ አልጠየቀም። ግኝቱ ተሰረዘ። ማሽኑም ለሌላ ሥራ እንዲውል እዚያው ተወሰነ። የበር መክፈቻ ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ወጣች።

ማሙሽ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት። እያለቀሰ እጇን ያዘ።

«አይዞህ» አለችው። «እህትህ አይደለሁ? ያንተን ጥፋት እኔ ብሸከመው ምን አለበት?»

እጇን ለቀቀ።

«የኔን ጥፋት?» አለ። «እኔ እኮ ዝም ያልኩት አንቺ ነሽ ብዬ ነው።»