ያላለቀ ሹሩባ

በዚያ ዘመን የካንሰር ሐኪሞች ብቻቸውን አይወስኑም። ከቤተሰብ የተመረጠ አማካሪ የታማሚውን ሕመም በራሱ አካል ላይ እንዲሰማው የሚያደርግ አምባር አጥልቆ ይውልና፣ መድኃኒቱ ይቀጥል ወይም ይቁም ይላል። ለታመመች እናቷ አማካሪ የተመረጠችው ትርሲት "ይቀጥል" ልትል ቆርጣ ነበር፤ እናቷ ሁሌም የምትለው "ተመስገን፣ ደህና ነኝ" ነዋ።

አምባሩን አጥልቃ፣ እንደ ቅዳሜ ልማዳቸው ሹሩባ እንድትሠራት ከእናቷ ጉልበት ሥር ተቀመጠች። እናቷ ገና የመጀመሪያውን ጉንጉን ስትይዝ፣ የትርሲት ጣቶች ፍም የጨበጡ ያህል ነደዱ። ጮኸች።

"እኔን ይድፋኝ! አጠበቅሁብሽ?"

እናቷ መድኃኒቱ የለኮሰባትን ይህን እሳት ችላ ነበር ለካ፣ በየቅዳሜው እያንጎራጎረች የምትጎነጉናት። ትርሲት ዞር ብላ የእናቷን መዳፎች ሳመች።

"ይበቃል እማዬ።"

"ገና አንዱ ጉንጉን እንኳ አላለቀም እኮ!"

ሰኞ ዕለት አንድ ጉንጉን ብቻ ተጀምሮ ሌላው በተበተነ ጸጉሯ ሐኪሞቹ ፊት ቀረበችና፣ "ይቁም" አለች።