የቅዳሜ አሻራዎች

በጎ ፈቃደኛዋ የተመደበችው እማማ ደብሪቱን በየቅዳሜው ቤታቸው ድረስ እየሄደች እንድትጠይቅ፣ ለመሄዷም ማስረጃ የእሳቸውን የጣት አሻራ በጉብኝት ቅጹ ላይ እንድታስደርግ ነበር። ግን የእማማ ቤት ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። መጀመሪያ ዝናቡ፣ ቀጥሎ ፈተናው፣ ከዚያ ደግሞ ስንፍናው እያስቀራት አንድም ቀን ሳትሄድ ቀረች። ቅጹ ባዶ እንዳይሆን የራሷን አውራ ጣት ቀለም እያስነካች ታትምበት ጀመር። በበጎ አድራጎት ማኅበሩ መዝገብ ቤት እንደ እሷ የተሟላ ፋይል አልነበረም።

ለማኅበሩ የዓመት መዝጊያ በዓል እማማ ደብሪቱ በሰው ተደግፈው መጡ። አስተባባሪው ፋይሉን ገልጦ፣

"እማማ፣ ይህቺ ልጅ በየሳምንቱ ትጠይቅዎታለች አይደል?" አላቸው።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እማማ ላብ ያጠመቀውን ፊቷን አተኩረው አዩት።

"እንዴታ! አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም። ልጄ እኮ ናት" አሉ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እሷ እንባዋ እየቀደማት ጉልበታቸውን ልትስም ተደፋች። እማማ "ተይ፣ ተነሽ ልጄ" እያሉ ሊያነሷት እጆቻቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አወጡ።

ጠባሳቸው የቆየ ሁለት እጆች፤ አንድም ጣት የላቸውም።