ጋሼ ስቲክ ሲፈትን

ጋሼ የፑል ስቲክ ዳኛ ነኝ ብሎ አያውቅም፤ የሾመው ሰፈሩ ነው። አዲስ ስቲክ የገዛ ሁሉ ይዞለት ይመጣል። ጋሼ የእጁን ጠመኔ ያራግፍና ስቲኩን ከጠረጴዛው ጫፍ አጋድሞ በመዳፉ ወደ ማዶ ይገፋዋል። ቀጥ ያለ ስቲክ ድምፅ የለውም። ጎባጣው መሃል ሲደርስ ቀጭ ይላል። ከዚያ በኋላ ይግባኝ የለም።

ጋሼ የፑል ቤቱ ባለቤት ነው። ቤቱን ከነጠረጴዛው ያወረሰው አባቱ ነው፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለውን ተረትም አብሮ አውርሶታል። የአባቱ ኦርጅናል ስቲክ ከነማኅደሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ጨዋታ ሲኖር ብቻ ይወርዳል። እሱን አንከባሎት አያውቅም። ኦርጅናል አይፈተንም ባይ ነው።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ ጋሼን የሚያሸንፍ የለም። ከሌላ ሰፈር ጉራውን እየነፋ የመጣ ሁሉ ኩምሽሽ ብሎ ይመለሳል። በተለይ በመስኮቱ በኩል ባለው ቀዳዳ፣ ኳሷን ቀስ አድርጎ ይለቃታል፣ እሷም ተጠምዝዛ ትገባለታለች። እጁ የተባረከ ነው ይባላል። ሰው ቤት ሄዶ መጫወት ግን ከተወ ቆይቷል፤ ክብሬን አላዋርድም ይላል።

ታናሽ ወንድሙ ከጓሮ ባለችው ክፍል ይኖራል። ሥራ ፈትቶ ከርሞ ከርሞ፣ ርካሽ ስቲክ በኦንላይን እያስመጣ መሸጥ ጀመረ። ስም ያለውን ኦርጅናል አስመስለው የሚሠሯቸው፣ በእኛ አፍ ፎርጅድ የምንላቸው ናቸው። ሲሸጥ አይዋሽም፤ እሱን መመስከር ይገባል። ጌጡ የተለጠፈ ነው፣ ይላጣል፤ ጫፉ ላይ ያለችው ቆዳ ቶሎ ትወድቃለች፣ ሌላ ታስለጥፋለህ፤ ሁለቱን ቁራጭ የሚያጋጥመው ብሎን ግን ደህና ነው፣ እንጨቱም ቀጥ ያለ ነው ይላል። ዕቃ በመጣ ቁጥር በሩን ዘግቶ አንድ በአንድ ሲያይ ይውላል። ጋሼ አንድ ቀን በቁልፉ ቀዳዳ ቢያጮልቅ፣ አሮጌ የመስኮት መስታወት ወለሉ ላይ አንጥፎ፣ ስቲክ ይዞ አጎንብሶበታል። ንጹሕ ሰውን በር ምን ያዘጋዋል?

የመጀመሪያውን ስቲክ የገዙት ፀጉር አስተካካዩ ናቸው፤ ታናሹ ሊያገባት ያሰባት ልጅ አባት። ለነገው አማቻቸው ገበያ ይሁነው ብለው ገዙና፣ ለማንኛውም ጋሼ ይየው አሉ። ጋሼ አንከባለለው። መሃል ሲደርስ፣ ቀጭ። ደገመው፤ ቀጭ። ታናሹ እየሮጠ ሄዶ ሌሎቹንም አመጣ። ሁሉም መሃል ሲደርሱ ቀጭ አሉ። ቤቱን የሞላው ሰው ሳቀ።

"በል ተናገር እንጂ፣" አለው ጋሼ። "ቀጥ ያለ ነው ብለህ አይደል የሸጥከው?"

ታናሹ አፉን ከፈተ። እናታቸው ባልዲ ይዘው በር ላይ ቆመዋል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጣሪያው የሚያንጠባጥበው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ስንት ክረምት ጋሼን ጣሪያውን አሠራ ብለውት ሰልችቷቸዋል። የታናሹን ዓይን አዩና ቀስ ብለው፣ "ሆድ ይፍጀው፣ ልጄ" አሉት። ታናሹ አፉን ገጠመ፣ አቀረቀረ። ካላጠፋ ለምን ያቀረቅራል?

ፀጉር አስተካካዩ ስቲኩን መሬት ላይ ወረወሩት፤ ጌጡ ከጎኑ ተላጠ። "እንጨት ቀጥ ያለ ያስመሰለ፣ ባል መምሰልስ ምን ያቅተዋል?" ብለው ወጡ። ልጅቷም ከዚያ ወዲያ በዚያ መንገድ አላለፈችም።

ሰፈሩ ታናሹን ፎርጅዱ አለው። ሲያልፍ ከኋላው ቀጭ የሚሉም ነበሩ። ጋሼ ስቲኮቹን በጉልበቱ ላይ አንድ በአንድ ሰባበራቸው።

"የአባቴን ስም አፈር አበላኸው፣" አለው። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ይኸው ጠራ። ውጣልኝ።"

እናት አለቀሱ፣ ለመኑ፤ ልጄ አልዋሸም ግን አላሉም። ታናሹ ልብሱን ሰብስቦ፣ ፀጉር አስተካካዩ የጣሉትን ስቲክ ብብቱ ሥር ይዞ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ አሸንፎ ሰው ሲያጨበጭብ እናቱ ተነስተው ይወጣሉ። ጋሼ እርጅና ነው አለ።

ዝናቡ ሲያባራ ወሬ መጣ። ፎርጅዱ ከከተማው ማዶ፣ አዲስ በተከፈተ ፑል ቤት ስቲክ ይሸጣል። የጋሼ ደም ፈላ። እዚህ የጎደፈው ስም እዚያም ሊጎድፍ ነው። እንደዚያ ሰው ቤት አልረግጥም ይል የነበረው ሰውዬ ተነስቶ ሄደ።

ሲገባ ጥግ ጥጉን ተጠቃቅሰው የሳቁ ነበሩ። በወንድሙ የሚሳቅ መሰለው። ባለቤቱ በክብር ተቀብሎ ወንበር ሳበለት፤ አልቀመጥም አለ። ወንድሜ ነው፣ ሥጋዬ ነው፣ እውነት ግን ከሥጋ ትበልጣለች ብሎ ለተሰበሰበው ተናገረ። ታናሹ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጋሼ ከተደረደሩት ስቲኮች አንዱን መዘዘ፣ አዲሱ ጠረጴዛ ላይ አጋደመ፣ ገፋው።

ስቲኩ መሃሉን አለፈ። ማዶ ደረሰ። ድምፅ የለም።

ሌላ መዘዘ። እሱም ዝም ብሎ ተንከባለለ። ሦስተኛውን ሲያነሳ ለየው፤ ጌጡ ከጎኑ የተላጠው፣ ፀጉር አስተካካዩ የጣሉት ያው ስቲክ ነው። በእጁ ሁለቴ ቀጭ ያሰኘው። ገፋው። ጭጭ። የጋሼ እጅ አሁንም ወደ አራተኛው ሄደ።

ታናሹ ጠጋ ብሎ ክንዱን ያዘውና በጆሮው፣ "ይብቃህ ጋሼ፣ የቤታችን ጠረጴዛ ጉድ ባዕድ ፊት አይውጣብህ" አለው።