በረንዳ ላይ የበቀለው ድንብላል

ወይዘሮ እልፍነሽ በኮንዶሚኒየማቸው በረንዳ፣ በሁለት የአበባ መትከያ ድንብላል ዘሩ። ወር ሙሉ ውሃ ቢያጠጡት አልበቀለም። ተናደው የንስሐ አባታቸውን ጠሩ።

“አባቴ፣ ይጸልዩበት። ካልበቀለ ግን ሌላ ንስሐ አባት እይዛለሁ።”

ቄሱ ጠበል ረጩበት። በሳምንቱ ሁለቱም መትከያዎች አረንጓዴ ለበሱ። የሕንጻው ሰው የደረቀ አበባውን እየተሸከመ ለማስባረክ ተሰለፈ።

ባለቤታቸው አቶ ግዛው ጭንቅ ያዛቸው። ቄሱን ለብቻቸው አግኝተው ተንበረከኩ።

“አባቴ፣ ልናዘዝ። እሷ የዘራችው ለበርበሬ ያመስኩትን ነው። እንዳታዝን ብዬ ችግኝ ገዝቼ አንዱ መትከያ ላይ ተከልኩላት። ሁለተኛው ላይ የበቀለው ግን፣ እውነትም ተአምር ነው!”

ቄሱ ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“አንተም ችግኙን የገዛኸው ድልድዩ ሥር ካለው ሰውዬ ነው?”