የጥላዬ ጥቁር ዴስክቶፕ

ይቺን ለማንም አላወራኋትም፣ ለሦስት ሰው ብቻ ነው።

ጎረቤቶቼ ጥላዬና ሚስቱ የሻረግ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፉባት አንድ ኮምፒውተር ነበረቻቸው። ሊኑክስ በሚሉት ፕሮግራም ነው የምትሠራው። ጥላዬ አንድ ቀን ሌላ ዴስክቶፕ፣ ማለት መስኮቷ ላይ የሚመጣ ሌላ ገጽታ፣ ጫነባትና ስትከፈት የትኛው ይምጣ ብላ የምትጠይቅ አደረጋት።

"ሰማያዊው ያንቺ፣ ጥቁሩ የኔ። የኔን እንዳትነኪ" አላት።

"ያንተን ጥቁር ምን ልሠራበት" አለችው።

እሱ ሆዬ በጥቁሩ ገብቶ የፍቺ ማመልከቻ ጻፈ። መካን ናት፣ ቤቱ የኔ ነው፣ በባዶ እጇ ትውጣልኝ ይላል። በሰማያዊው የማይታይ መስሎታል፣ የኔ ሞኝ። ልብስ ቢቀያየር ገላው ያው አንድ አይደል? በማግስቱ የሻረግ የራሷን ሰማያዊ ስትከፍት ማመልከቻው ከሷ ደብዳቤዎች መሀል ቁጭ ብሏል። አጠገቧ ነበርኩና አነበበችልኝ። እኔ ሳዝንላት እሷ እቴ፣ እንባ የለ ምን የለ።

"ምን ልታደርጊ ነው ልጄ?" አልኳት።

"ፊደል ይገድፋል እማማ። ላርምለት" ብላ እዚያው ማመልከቻው ላይ መጻፍ ጀመረች።

ጥላዬ የጻፈውን መልሶ ማንበብ አይወድም። አተመ፣ ፈረመ፣ ፍርድ ቤት አስገባ።

የቀጠሮው ቀን አብሬያት ሄድኩ፤ መቼም አልቀርም። ዳኛዋ ወረቀቱን አሳዩትና፣ "ፊርማው ያንተ ነው?" አሉት።

"የኔ ነው ክብርት ዳኛ። እያንዳንዷን ቃል ራሴ ነኝ የጻፍኳት" አለ ደረቱን ነፍቶ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አደረጉና ለችሎቱ ጮክ ብለው አነበቡ፦ "መካኑ እኔ ነኝ። ቤቱ የእሷ ነው። በባዶ እጄ እወጣለሁ።"